ክረምት ይከርማል ወይ?

ድሬ ዳዋ ላይ ቃል መሬት አይወድቅም፤ ወርዋሪው አፉን ሳይዘጋ መላሹ ቀልቦ ይመልሰዋል። አንቱታም አናበዛም። ሹሙም፣ ሾፌሩም፣ ፕሮፌሰሩም ደቻቱ ድልድይ ላይ ከደረሰ «አንተ» ነው። ስለዚህ ዛሬ «አንተ» ስልህ፣ ባለ ብየዳም ሆንክ ባለ ማኅተም፣ እንዳትቀየመኝ አቦ። የቀረበ ሰው ነው በአንተ የሚጠራው።

የያዝነው ወሬ ሁለት ነው። አንደኛው የአዲሱ ኤሌክትሮኒክስ ወሬ ነው፦ ውሃ የሚለካ ሴንሰር፣ በትንሽ ባትሪ ብዙ ወር የሚቆይ ሬዲዮ፣ ከጣት ጥፍር አንሶ ድምፅ የሚለይ ቺፕ፣ በቀለም የሚታተም ሰርኪዩት። ሁለተኛው የገንዘቡ ወሬ ነው፦ የፈጠራና የምርምር ድጋፍ ጥሪ ወጣ፣ ፕሮፖዛል ገባ፣ ተገመገመ፣ እገሌ አለፈ፣ እገሌ ወደቀ። በሁለቱ ወሬዎች መሀል የደቻቱ ወንዝ ተኝቷል። አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው፤ የከዚራን ሰፈር ከመጋላ ይለያል፤ ሰው በእግሩ ይሻገረዋል። በ1998 ዓ.ም. በሐምሌ ማብቂያ ሌሊት ግን ከደጋው የወረደው ጎርፍ ከተማዋን በእንቅልፍ ልቧ አግኝቶ ከ250 በላይ ሰው ጨረሰ፤ ሺዎችን ቤት አልባ አደረገ።

እኔም መመዘኛዬን ከዚያ ሌሊት ወሰድኩ። ስለ የትኛውም ዕቃ፣ ስለ የትኛውም ፕሮፖዛል፣ ስለ የትኛውም በጀት የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ደቻቱ ላይ ክረምት ይከርማል ወይ? የሚከርም ከሆነ የሕዝብ ገንዘብ ይውጣለት። የማይከርም ከሆነ ባለቤቱ በኪሱ ይሞክረው። ሌላ ሐሳብ ያለው ይወርውር፤ እነሆ ቀልቤያለሁ።

«ደረቅ ወንዝ ላይ ሴንሰር ምን ይሠራል?»

የሚገድለው ደረቅ በመሆኑ ነው! ሙሉ ወንዝ ያስፈራል፤ ደረቅ ወንዝ ያዘናጋል። ድሬ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች፤ በደቡብ በኩል፣ በደንገጎ አቅጣጫ የሚታየው ደጋ ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። ዝናቡ የሚጥለው እላይ ነው። አንተ እታች ኮከብ ስትቆጥር ውሃው ድንጋይና አፈር ተሸክሞ ቁልቁል እየጋለበ ነው። ድልድዩ ላይ ብቻ የተሰቀለ መለኪያ የሚነግርህ በዓይንህ ያየኸውን ነው፤ ነፍስ የሚያድነው ደጋው ላይ ተተክሎ ዝናቡ ገና ሲጀምር የሚናገረው ነው። የደቻቱ ኤሌክትሮኒክስ ሥራው ደቂቃ መግዛት ነው። አሥር ደቂቃ አንዲት እናት ልጆቿን ቀስቅሳ፣ አንዱን አዝላ፣ ሌላውን ይዛ ከወንዙ ዳር የምትርቅበት ጊዜ ነው። ለዚያ አሥር ደቂቃ ያልተከፈለ የምርምር ገንዘብ ለምን ሊከፈል ነው?

«ሳተላይት አምጥቀን የለ እንዴ?»

አምጥቀናል፤ ኮርተናልም። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና የመጠቀችው የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ክብደቷ ከ70 ኪሎ ግራም ትንሽ የሚበልጥ፣ መሬትን ፎቶ እንድታነሳ የተሠራች ነበረች። ፎቶ ስለ እርሻ፣ ስለ ደን፣ ስለ መሬት መራቆት ብዙ ይናገራል። ደቻቱ ግን ፎቶ እስኪነሳ ቆሞ አይጠብቅም። ደጋው ምን ያህል እንደተራቆተ ከሰማይ ታየዋለህ፤ ዛሬ ሌሊት ጎርፍ መነሣቱን ግን መሬት ላይ ነው የምትሰማው። ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራም።

«ከውጭ ገዝተን እንስቀለው፤ ምርምር ምን ያደርጋል?»

ግዛ! ስትገዛ ግን ሙቀታችንንም ንገረው። ርካሹ የውሃ መለኪያ በድምፅ የሚሠራው ነው። ለሰው ጆሮ የማይሰማ ድምፅ ወደ ታች ይልካል፤ ድምፁ ነጥሮ እስኪመለስ ያለውን ጊዜ ቆጥሮ ርቀቱን ያሰላል። አየሩ 20 ዲግሪ ሲሆን ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ይሄዳል። 38 ዲግሪ ሲሆን፣ ይህም ለድሬ ብርቅ አይደለም፣ 354 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ዕቃው በ20 ዲግሪ ተስተካክሎ ሙቀቱን የማያሰላ ከሆነ፣ አምስት ሜትር የሚርቀውን አሸዋ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል አቅርቦ ያየዋል። በጠራራ ፀሐይ፣ በደረቅ ወንዝ ላይ፣ የሌለ ውሃ ይለካልሃል ማለት ነው። ሳይረኑ ይጮኻል፣ ሰው ይሮጣል፣ ውሃ የለም። ለሁለተኛ ጊዜ ይጮኻል፣ ሰው ይሳደባል። ሦስተኛው እውነተኛው ሲሆን ከአልጋው የሚነሣ አይኖርም። መድኃኒቱ ከጎኑ የሙቀት መለኪያ አስቀምጦ ሒሳቡን ማስተካከል ነው። ዋጋው ጥቂት ነው፤ የሚያስፈልገው ግን የድሬን ቀትር የሚያውቅ ሰው ነው።

ሙቀቱ ብቻ መሰለህ? የሊቲየም ባትሪ ግለት ውስጥ ቶሎ ያረጃል፤ የትኛው ዓይነት ስንት ዓመት እንደሚታገሥ እዚሁ ተለክቶ መታወቅ አለበት። አቧራ የፀሐይ ሰሌዳውን ይሸፍናል፤ ማን ነው የሚጠርገው፣ በስንት ቀኑ? የደቻቱ ወለል አሸዋ በመሆኑ እያንዳንዱ ጎርፍ ያንቀሳቅሰዋል፤ ዓምና «ዜሮ» ብለህ የጻፍከው ከፍታ ዘንድሮ ዜሮ አይደለም። በራዳር የሚለካውን ውዱን ገዝተህ የሙቀቱን ስሕተት ታመልጥ ይሆናል፤ የአሸዋውን አታመልጥም። ይህንን ካታሎግ አይነግርህም፤ ሻጩም አያውቀውም። መልሱ ያለው ደቻቱ ውስጥ ነው። ገብቶ ማውጣት ደግሞ ምርምር ይባላል።

«ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሀብታም አገር ጨዋታ ነው»

ማነው ያለው? ጥቂት ዶላር የሚያወጣ ማይክሮኮንትሮለር ዛሬ ድምፅ የሚለይ ትንሽ ሞዴል በሆዱ ይይዛል፤ ኢንተርኔት አይለምንም፣ ሩቅ አገር ያለ ሰርቨር አይጠይቅም፣ በባትሪ ያድራል። ስዊዘርላንድ ውስጥ ኢልግራበን በሚባል ሸለቆ ጭቃና ድንጋይ ይዞ የሚወርደውን ጎርፍ ከመሬቱ መንቀጥቀጥ የሚያውቁ ጂኦፎኖች ተተክለዋል፤ ውሃው ሳይታይ ይሰማል። ደቻቱም ድንጋይ ያንከባልላል። የኛ ጥያቄ ሌላ ነው፦ ያንን ጉርምርምታ ከባጃጁ፣ ከሲኖትራኩና ከነጎድጓዱ በምን ትለየዋለህ? ያንን የሚያስተምር ድምፅ ከዙሪክ አይመጣም፣ ከሳን ፍራንሲስኮም አይመጣም። የሚቀዳው ከደቻቱ ብቻ ነው። የአንድ ሙሉ ክረምት ድምፁን ቀድቶ፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጽፎ፣ ለተማሪና ለተመራማሪ ክፍት የሚያደርግ ፕሮጀክት ቢመጣልኝና ገምጋሚው እኔ ብሆን፣ ባነር ሳይታተም፣ ሪባን ሳይቆረጥ አሳልፈዋለሁ።

በቀለም ስለሚታተመው ሰርኪዩትም ትጠይቀኝ ይሆናል። በመድኃኒት ማሸጊያና በዕቃ መለያ ላይ ተስፋ አለው። የድሬን ፀሐይና የጎርፉን እርጥበት መቻሉን ግን ያሳየን። ክረምት ይክረምና እናወራለን።

«እኛ ኮደሮች ነን፤ አፑን እንሠራለን»

ሥሩ፣ ይመቻችሁ! ሐምሌ 2016 ዓ.ም. አምስት ሚሊዮን ኮደሮችን ለማፍራት የተጀመረው ሥልጠና ብዙ ወጣት ወደ ስክሪኑ አምጥቷል፤ ጥሩ ነው። ግን አፑ የሚያሳየውን ቁጥር ማን ያመጣለታል? ቁጥር የሚመጣው ጭቃ ውስጥ ከቆመ ምሰሶ ነው። ምሰሶ የሚቆፍር፣ ሽቦ የሚበይድ፣ ውሃ እንዳይገባ ሳጥን የሚያሽግ ሰው ከሌለ አፕህ የሚያሳየው ባዶ ካርታ ነው። ኮድህን ይዘህ ወደ ድሬው ታይዋን ገበያ ውረድ፤ ከጠጋኙ አጠገብ በርጩማ ሳብና ቁጭ በል።

«እኔ ቦርድ ጠጋኝ ነኝ፤ ምርምር የዶክተር ነው»

ይህንን የምትለው አንተ ነህ፣ አጉሊ መነጽር ሥር አንገትህን ደፍተህ የምትውለው? ስማኝ ወንድሜ። ከፀጉር በቀጠነ መስመር ላይ ሶልደር የምታሳርፍ፣ ንድፉ በእጅህ የሌለውን ቦርድ በመልቲሜትር እየተከተልክ የተቃጠለውን የምትለይ፣ ከሦስት የሞተ ስልክ አንድ የሚሠራ የምታወጣ ሰው ነህ። ትጠረጥራለህ፣ ትለካለህ፣ ከተሳሳትክ ጥርጣሬህን ትቀይራለህ። ዶክተሩም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። እሱ የሚበልጥህ በመጻፍ ነው፦ ምን እንደጠረጠረ፣ በምን እንደለካ፣ ምን እንዳገኘ። እንግዲያው ደብተር ግዛ።

ድሬ ለእጅ ሙያ እንግዳ አይደለችም። ከተማዋን የቆረቆራት በ1895 ዓ.ም. የደረሰው ባቡር ነው፤ የምድር ባቡር ጋራዥም ለስንት ትውልድ የቶርኖ፣ የብረትና የኤሌክትሪክ ባለሙያ ትምህርት ቤት ሆኖ ኖሯል። በ1999 ዓ.ም. ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ተጨመረላት። እጁም አለ፣ ቀመሩም አለ፤ በመካከላቸው ያለው የባጃጅ መንገድ ነው። «ዶክተሩ አያውቀኝም» ትላለህ፤ ሂድና አስተዋውቀው። ዶክተርዬ፣ አንተም ውረድ፤ የተማሪህ የመመረቂያ ሥራ ከመደርደሪያ ወርዶ ገበያው ውስጥ ይፈተን። ያንተ ቀመርና የሱ ብየዳ አንድ ፕሮፖዛል ላይ ካልተፈራረሙ ሁለታችሁም ግማሽ ናችሁ፤ ደቻቱ ለግማሽ ሥራ አያዝንም።

«ቺፕ የነጋዴ ሥራ ነው፤ መንግሥትን ምን አገባው?»

ገበያችን ስሟን የወሰደባትን ደሴት ጠይቃት። የታይዋን መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1973 የኢንዱስትሪ ቴክኖሎጂ ምርምር ተቋም አቋቋመ። በ1976 አርሲኤ ከሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ የቺፕ አሠራር ፈቃድ ገዝቶ ወጣት መሐንዲሶቹን ለሥልጠና ላከ። ከዚያው ተቋም በ1980 ዩኤምሲ፣ በ1987 ቲኤስኤምሲ ወጡ። ሞሪስ ቻንግ ቲኤስኤምሲን ሊያቋቁም ገንዘብ ሲያፈላልግ ኢንቴልና ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ እምቢ አሉት፤ የሆላንዱ ፊሊፕስ ገባ፤ ከካፒታሉ ግማሽ የሚጠጋውን ያወጣው ግን መንግሥት ነበር። ዛሬ የዓለም ስልክና ኮምፒውተር የዚያን ኩባንያ ደጅ ይጠናል።

አሜሪካስ? እ.ኤ.አ. በ1982 ባወጣችው ሕግ ትልቅ የምርምር በጀት ያላቸው የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ከበጀታቸው ለትናንሽ ኩባንያዎች ፈጠራ ድርሻ እንዲለዩ አዘዘች። አሰጣጡንም በደረጃ አደረገችው፦ መጀመሪያ ሐሳቡ መሥራት መቻሉን ለማሳየት ትንሽ ገንዘብ፣ ላሳየው ብቻ ትልቅ ገንዘብ፣ ከዚያ ወደ ገበያ። ኳልኮም ገና ትንሽ ሳለ ከዚህ ገንዘብ ከተቋደሱት አንዱ ነው። ነጋዴ ያልደፈረውን መጀመሪያ የሚደፍረው የሕዝብ ገንዘብ ነው። ለደቻቱ ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ የጎርፍ ማስጠንቀቂያ ለብቻው ገዝቶ ቤቱ የሚያስገባ ደንበኛ የለም። የሁሉ የሆነውን ሁሉም ካልከፈለለት ማንም አይከፍልለትም።

«ሐሳቤን ይሰርቁኛል»

ደረትህ ውስጥ ደብቀህ ይዘኸው ከምትቀበር ቢሰርቁህ ይሻላል! ግን መሰረቅም የለብህም። አገሪቱ ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ የፈጠራ፣ የአነስተኛ ፈጠራና የኢንዱስትሪያዊ ንድፍ አዋጅ አላት፤ ቁጥሩ 123 ነው። «አነስተኛ ፈጠራ» የሚለውን ልብ በል፤ ዓለምን ባትገለብጥም፣ የነበረውን ዕቃ ለድሬ ሙቀት እንዲሆን አሻሽለህ ከሠራህ የምትጠይቀው መብት አለህ። ዝም ብሎ የታሰበ አይጠበቅልህም፤ የሠራኸው ይጠበቅልሃል። ለአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ቀድመህ አመልክት፣ ከዚያ ለፈለግከው አሳይ።

«ፕሮፖዛል መጻፍ አልችልበትም»

መሟገት ትችላለህ? የድሬ ልጅ መሟገት አልችልም ካለ እኔ ብዕሬን አስቀምጣለሁ። ፕሮፖዛል ሙግት ነው፤ እስቲ ከገምጋሚው ጋር ላጋጥምህ።

አንተ፦ «ዘመናዊ ቴክኖሎጂን ተጠቅመን የኅብረተሰቡን ችግር እንፈታለን።»

ገምጋሚው፦ «የትኛውን ችግር? የትኛው ሰፈር? የማንን?»

አንተ፦ «በደቻቱ ዳርና ዳር ለሚኖሩ ሰዎች የጎርፍ ማስጠንቀቂያው ቀድሞ እንዲደርስ እናደርጋለን።»

ገምጋሚው፦ «በስንት ደቂቃ? በምንስ ታውቀዋለህ?»

አንተ፦ «የመጀመሪያውን ክረምት እንለካለን። ውሃው ከላይኛው ጣቢያ እስከ ድልድዩ የሚፈጅበትን ጊዜ በእያንዳንዱ ጎርፍ እንመዘግባለን። በሁለተኛው ክረምት ማስጠንቀቂያው ውሃውን በስንት ደቂቃ እንደቀደመ እናሳያለን።»

ገምጋሚው፦ «ካልቀደመውስ?»

አንተ፦ «የት ጋ እንደተበላሸ፣ ለምን እንደተበላሸ ጽፈን፣ መረጃውን ጨምረን እናስረክባለን።»

ይኸው ጻፍክ! የቀረው ማሟላት ነው። በጀቱን ስትሠራ ሁለት ሴንሰር ከፈለግክ አራት ጻፍ፤ ምክንያቱን ግን አስረዳ፦ አንዱን ጎርፍ ይወስደዋል፣ አንዱን ግለት ይጥለዋል። የላፕቶፕ፣ የአበልና የአዳራሽ ኪራይ ወጪህ ከመለኪያው ወጪ በልጦ ከተገኘ ገምጋሚው ይጣልህ፤ እኔም አላዝንልህም። ሎራ የሚባለው ሬዲዮ በትንሽ ኃይል ብዙ ኪሎ ሜትር ይደርሳል፤ ጋራ ግን ይጋርደዋል። ስለዚህ በደጋውና በከተማው መካከል የምታቆመው ማስተላለፊያ የማን ግቢ ውስጥ እንደሚተከል ጻፍ፣ የባለ ግቢውንም ፈቃድ አያይዝ። አየሩ ባለቤት አለው፤ ፍሪኩዌንሲ የሚያስተዳድረው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ዕቃውን ካዘዝክ በኋላ ሳይሆን ከማዘዝህ በፊት ጠይቀው። በመጨረሻም አንድ ገጽ ላይ ይህን መልስ፦ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ባትሪውን የሚቀይረው ማን ነው? ስሙን፣ ሰፈሩን፣ ደመወዙን። ይህ ገጽ ባዶ ከሆነ ፕሮፖዛልህ አንድ ክረምት አይከርምም።

«በጀት የለም»

አሁን ወደ አንተ ዞርኩ፣ ባለ ማኅተም። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሳይንስ፣ ቴክኖሎጂና ኢኖቬሽን ፖሊሲ ለዚህ ሥራ በየዓመቱ ከአገሪቱ ጥቅል ምርት ቢያንስ 1.5 በመቶ እንዲመደብ ያስቀምጣል። የአፍሪካ ኅብረት አገሮችም 1 በመቶ ለምርምር እናውላለን ብለው ቃል ገብተዋል። ዩኔስኮ የሚያሰባስበው አኃዝ ደግሞ የአገራችን የምርምር ወጪ እ.ኤ.አ. በ2013 0.6 በመቶ አካባቢ እንደነበርና በ2017 ወደ 0.27 በመቶ እንደወረደ ያሳያል። እንግዲህ «የለም» አትበለኝ፤ «ቃሉ አለ፣ ገንዘቡ ከቃሉ ኋላ ቀርቷል» በለኝ፣ አብረን እንጠይቃለን። በ1968 ዓ.ም. ከተቋቋመው የሳይንስና ቴክኖሎጂ ኮሚሽን እስከ ዛሬው የኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር የመሥሪያ ቤቱ ስም ተቀይሯል፤ ያልተቀየረው ወጣቱ በር ላይ መቆሙ ነው።

ያለው ጥቂት ከሆነም በጥቂቱ ብልሃት አለ። ሙሉውን ለአንድ ትልቅ ፕሮጀክት አታፍስሰው። ለአሥር ትናንሽ ሙከራ በትን፤ ምሰሷቸው ከክረምቱ በኋላ ቆሞ ለተገኘ ለሁለቱ ወይም ለሦስቱ ቀሪውን ጨምርላቸው። ግምገማውንም አዳራሽ ውስጥ ብቻ አትጨርሰው፤ ገምጋሚዎቹ ነሐሴ ላይ ወንዙ ዳር ይምጡ። ዕቃ ከውጭ የሚመጣ ከሆነ የጉምሩኩ ደብዳቤ ከውሉ ጋር አብሮ ይፈረም። ከነሐሴ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ነፃ የንግድ ቀጣና የተከፈተባት ከተማ ናት፤ ኮንቴይነር በክብር የሚስተናገድባት ድሬ ለአንድ ካርቶን ሴንሰርም ቦታ አታጣም።

«የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ነው፤ ሪፖርት አስገባ»

እዚህ ላይ ነው የምቆጣው! እስቲ አብረን እንቁጠር። የበጀት ዓመታችን ሐምሌ 1 ይከፈታል፣ ሰኔ 30 ይዘጋል። ዋናው የደቻቱ ክረምት ከሐምሌ እስከ መስከረም ነው። ሐምሌ ላይ ገንዘቡ ገና ከቋቱ አልወጣም። ነሐሴና መስከረም ጥሪና ግምገማ ይሁን። ጥቅምት ላይ ውል ይፈረም፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ግዥ ነው። ጥር ላይ ዕቃው ይሰቀላል፤ በበጋ፣ በደረቅ አሸዋ ላይ። የመጋቢትና የሚያዝያ በልግ ይነካካው ይሆናል፤ ዋናው ክረምት ግን ገና ነው። ሰኔ ላይ «ፕሮጀክቱ በተሳካ ሁኔታ ተጠናቀቀ» ተብሎ ይጻፋል። ከዚያ ሐምሌ ይገባል፤ ጎርፉ በቀጠሮው ይመጣል፤ ፕሮጀክቱ ግን ተዘግቷል፣ የባለሙያው ውል አልቋል፣ ባትሪውን የሚያይ የለም።

አየህ ነገሩን? የበጀቱ አቆጣጠር ራሱ ክረምቱን ይዘለዋል። በዚህ አካሄድ የሚታለፈው ፈተና ዕቃው የተገዛበት ዋናው ፈተና ነው። እዚህ ላይ ክፉ ሰው አልፈልግም፤ ጥፋቱ የቀን አቆጣጠር ነው፣ ስለዚህ ይስተካከላል። ለጎርፍ፣ ለእርሻና ለወባ የሚሠራ ምርምር ውሉ በወራት ሳይሆን በክረምት ይቆጠር። ሁለት ክረምት ይያዝለት፦ አንዱ ለመለካት፣ አንዱ ለማስጠንቀቅ። የመጀመሪያው ክፍያ ዝናብ ሳይገባ እንዲደርስ ሚያዝያ ላይ ይለቀቅ። የገንዘብ መመሪያው ዓመት አያሻግርም ካልክ፣ መመሪያው ሰው የጻፈው ነው፤ ክረምትን ግን ሰው አልጻፈውም። የሚታጠፈውን እጠፍ።

«ቢከሽፍስ? የሕዝብ ገንዘብ ነው እኮ!»

የሕዝብ ስለሆነ ነው ክሽፈቱም የሕዝብ መሆን ያለበት። ባትሪው በሦስተኛው ወር እንደሞተ፣ ሳጥኑ ውስጥ ጉንዳን እንደገባ፣ ምሰሶው እንደተነቀለ ተጽፎ ይውጣ፤ ጎዴ ላይ፣ ሎጊያ ላይ፣ ኮምቦልቻ ላይ ያለው ወጣት ያንኑ ስሕተት በሁለተኛ በጀት አይደግመውም። ተጽፎ የወጣ ክሽፈት ለሚቀጥለው መነሻ ነው፤ «በተሳካ ሁኔታ» የሚል ሪፖርት ሥር የተቀበረ ክሽፈት ግን ስርቆት ነው። አመልካች የከሸፈበትን ስለተናገረ አይቀጣ፤ ስለደበቀ ይቀጣ።

«እሺ፣ ሳይረኑ ጮኸ፤ ከዚያስ?»

ጎበዝ! የጥያቄዎች ሁሉ አለቃ ይህ ነው። ሳይረን መጮኹን እንጂ ወዴት መሮጥ እንዳለብህ አይነግርህም። ደቻቱ ዳር አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ፣ ሐረሪኛ ይነገራል፤ በአንድ ቋንቋ ብቻ የተቀዳ ማስጠንቀቂያ ጎረቤትን ከጎረቤት ያበላልጣል። ሞባይል ኔትወርክ በጭንቅ ሰዓት ሊጨናነቅ ይችላል፤ ስለዚህ መልእክቱ በስልክም፣ በድምፅ ማጉያም፣ በመስጊዱና በቤተ ክርስቲያኑም ይምጣ። የመውጫው መንገድ አስቀድሞ በቀን ይታይ፤ ልምምዱን ልጆችም፣ አሮጊቶችም፣ ዓይነ ስውራንም ይሥሩት። ወንዙ ዳር ዕድሜያቸውን የኖሩ እናቶች ቡና ላይ ተጠርተው የማን ቤት ቀድሞ እንደሚገባበት፣ የትኛው ቅያስ እንደሚዘጋ ይጠየቁ፤ እነሱ የሚናገሩት ከየትኛውም ካርታ በፊት ይጻፍ። ይህ ሁሉ «ማኅበራዊ ጉዳይ» ተብሎ ከኤሌክትሮኒክሱ በጀት የሚቀነስ አይደለም። ሰው ያልሰማው ሴንሰር ለራሱ ነው የለካው።

እንግዲህ ተረቤን ጨርሻለሁ፤ አሁን ሥራ ላከፋፍል። ጠጋኝ ወንድሜ፣ ደብተርህን ክፈትና የዚህን ሳምንት ቀትር ሙቀት ከመጻፍ ጀምር። ኮደሯ እህቴ፣ የሱን ቁጥር ተቀበዪ። ዶክተርዬ፣ ስምህን ከነሱ ስም በታች ጻፍ። አንተ ባለ ማኅተም ደግሞ ይህ ፕሮፖዛል ጠረጴዛህ ላይ ሲደርስ ሁለት ቀን አርምበት፦ ውሉን ሐምሌ ከመግባቱ በፊት ፈርም፤ የመጨረሻውን ክፍያ ግን ሰኔ 30 አትክፈል። ሁለተኛው ክረምት ሲያልፍ፣ መስከረም ላይ ወደ ደቻቱ ውረድ፣ ምሰሶው መቆሙን በዓይንህ አረጋግጥ፣ የጎርፎቹን መዝገብ በእጅህ ተቀበል፤ ያኔ ክፈል።